‹‹መልቲፓራ›› ምን ማለት ነው? በክትትል ካርዳችሁ ላይ ያሉት ቃላትና ቁጥሮች

አዘጋጅ፦ የክሊኒኩ አዋላጅ ነርስ

ለእርግዝና ክትትል ወደ ጤና ተቋም የመጣች እናት ካርድ ይወጣላታል። በካርዱ ላይ ከስምና ከዕድሜ ቀጥሎ ጥቂት የባዕድ ቃላትና ከአጠገባቸው ቁጥሮች ይሰፍራሉ። ‹‹ግራቪዳ 3፣ ፓራ 2›› ይላል። አንዳንድ ጊዜም ‹‹መልቲፓራ›› ወይም ‹‹ግራንድ መልቲፓራ›› የሚል ይጨመርበታል። እናቲቱ ካርዱን ይዛ ቤቷ ትገባለች። ባልም አንሥቶ ያነበዋል። ጥያቄው የሚጀምረው ከዚያ ነው።

‹‹ያለን ልጅ አንድ ነው፤ ካርዱ ላይ ለምን 2 ተጻፈ?›› የሚል ባል አለ። ‹‹ሲስተር፣ መልቲ የተባልኩት መንታ ሆኖ ነው እንዴ?›› ብላ በደስታም በድንጋጤም የምትጠይቅ እናት አለች። ‹‹ግራንድ›› የሚለውን ሲሰሙ እንደ ማዕረግ የሚቆጥሩትም አይጠፉም። እነዚህ ጠይቀው ስለሚረዱ ብዙ አያሳስቡንም። የሚያሳስቡን ሳይጠይቁ ጥርጣሬ ይዘው የሚቀመጡትና ቁጥሩ እንዳይበዛባቸው ብለው ከወለዱት ላይ ቀንሰው የሚነግሩን ናቸው። ከዚህ ቁጥር ላይ አንድ ሲጎድል በምጥ ሰዓት የሚደረገው ዝግጅትም አብሮ ሊጎድል ይችላልና።

ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ ቃላቱ ከየት እንደ መጡ፣ ቁጥሩ እንዴት እንደሚቆጠርና ለእናቲቱ ሕይወት ምን ጥቅም እንዳለው እንገልጻለን።

ቃላቱ ከየት መጡ?

ቃላቱ የላቲን ናቸው። ላቲን የጥንት ሮማውያን ቋንቋ ነው። መነጋገሪያ መሆኑ ከቀረ ብዙ ዘመን ቢሆነውም የአውሮፓ ሐኪሞች ለብዙ መቶ ዓመታት መጻሕፍታቸውን ይጽፉ የነበረው በእርሱ ነው። ስለዚህ የሕክምና ቃላት እስከ ዛሬ በአብዛኛው ከላቲንና ከግሪክ የተወሰዱ ናቸው። ግእዝ ለቤተ ክህነት ትምህርታችን እንደሆነው ሁሉ ላቲንም ለሕክምና የጋራ መግባቢያ ሆኖ ቆይቷል። ጥቅሙም ቀላል አይደለም፤ ጎንደር ላይ የተጻፈ ካርድ አዲስ አበባም ሆነ ናይሮቢ ቢነበብ ትርጉሙ አንድ ነው።

‹‹መልቲፓራ›› የሁለት ቃላት ቅጥያ ነው። ‹‹መልቲ›› የተባለው ‹‹ሙልቱስ›› ከሚለው የላቲን ቃል የመጣ ሲሆን ‹‹ብዙ›› ማለት ነው። ከመድኃኒት ቤት የምትገዙት መልቲ ቪታሚን ስሙን ያገኘው በውስጡ ብዙ ዓይነት ቪታሚኖች ስላሉ ነው። ‹‹ፓራ›› ደግሞ ‹‹ፓሬሬ›› ከሚለው የመጣ ነው፤ ትርጉሙም ‹‹መውለድ›› ነው። በእንግሊዝኛ ወላጅን ‹‹ፓረንት›› የሚያሰኘው ቃል መነሻው ይኸው ነው። እንግዲህ ሁለቱ ሲገጥሙ ‹‹ብዙ ጊዜ የወለደች›› ማለት ይሆናል።

በእኛ አነጋገር ብዙ ስንል አምስት፣ ስድስት፣ ከዚያም በላይ ማለታችን ነው። በሐኪሞች አቆጣጠር ግን ‹‹ብዙ›› የሚጀምረው ከ2 ነው። ሁለት ጊዜ የወለደች እናት መልቲፓራ ትባላለች። ስለዚህ ይህ ቃል በካርዳችሁ ላይ ስለ ተጻፈ ብቻ የሚያስደነግጥ ነገር የለም።

የቀሩትም በዚሁ መንገድ የተሠሩ ናቸው። ‹‹ኑሉስ›› ምንም ማለት ስለሆነ ገና ያልወለደች ሴት ‹‹ኑሊፓራ›› ትባላለች። ‹‹ፕሪሙስ›› የመጀመሪያ ማለት ስለሆነ አንድ ጊዜ የወለደች እናት ‹‹ፕሪሚፓራ›› ናት።

‹‹ግራቪዳ›› የሚለው ደግሞ ‹‹ግራቪስ›› ከሚለው የተገኘ ነው፤ እርሱም ‹‹ከባድ›› ማለት ነው። ሮማውያን ነፍሰ ጡርን የጠሯት በተሸከመችው ክብደት ነው። የእኛ ቋንቋ ነፍሰ ጡር ሲል የተሸከመችውን ነፍስ ያስባል። በካርዱ ላይ ‹‹ግራቪዳ›› ከሚለው አጠገብ የሚጻፈው ቁጥር ሴቲቱ በሕይወቷ ስንት ጊዜ እንዳረገዘች ይነግረናል። ‹‹ፓራ›› ከሚለው አጠገብ የሚጻፈው ስንት ጊዜ እንደወለደች ነው።

አቆጣጠሩ እንዴት ነው?

በቤት ውስጥ የሚቆጠሩት ልጆች ናቸው። በካርዱ ላይ የሚቆጠሩት ግን እርግዝናዎችና ወሊዶች ናቸው። አብዛኛው አለመግባባት የሚመጣው ይህን ልዩነት ካለማወቅ ነው። ደንቦቹ ጥቂት ናቸው።

አንደኛ፣ አሁን በሆድ ያለው እርግዝና በግራቪዳ ውስጥ ይቆጠራል። አንድ ልጅ ወልዳ አሁን ሁለተኛውን ያረገዘች እናት ግራቪዳ 2፣ ፓራ 1 ናት። ‹‹ያለን አንድ ነው፤ 2 ከየት መጣ?›› ለሚለው ባል መልሱ ይኸው ነው። ሁለተኛው በሆዷ ያለው የራሱ ልጅ ነው።

ሁለተኛ፣ በፓራ ውስጥ የሚቆጠረው ጽንሱ ከማኅፀን ውጭ ለመኖር ይችላል ተብሎ ከሚታሰብበት ጊዜ በኋላ የሆነ ወሊድ ነው። ይህ ወሰን ከአገር አገር ይለያያል፤ በእኛ አገር የሚሠራበት 28 ሳምንት ነው፤ ወደ 7 ወር ገደማ ማለት ነው። ከዚህ ጊዜ በኋላ የተወለደ ልጅ በሕይወት ቢወለድም፣ ሞቶ ቢወለድም በፓራ ይቆጠራል።

ሦስተኛ፣ ከዚያ ጊዜ በፊት የወረደ ጽንስ በፓራ አይቆጠርም፤ ‹‹አቦርሽን›› በሚለው ሥር ለብቻው ይጻፋል። እዚህ ላይ ባሎች ልብ በሉ። ይህ ቃል በአነጋገራችን ሆን ተብሎ የተደረገ ውርጃን ብቻ የሚያመለክት ይመስላል። መነሻው የሆነው የላቲን ቃል ግን ሳይወለድ መቅረትን፣ መጨንገፍን የሚገልጽ ነው። በካርዱም ላይ በራሱ ጊዜ የጨነገፈ ጽንስ በዚሁ ቃል ሥር ይጻፋል። ስለዚህ ‹‹አቦርሽን 1›› የሚል ጽሑፍ አይቶ በሚስት ላይ መነሣት አላዋቂነት ነው። ጽንስ መጨንገፍ በብዙ ሴቶች ላይ የሚደርስ ነገር ሲሆን ብዙ ጊዜም የሚከሠተው ጽንሱ ገና ከመነሻው በትክክል ስላልተፈጠረ ነው፤ በእናቲቱ ጥፋት አይደለም።

አራተኛ፣ ከተወለደ በኋላ የሞተ ልጅ ከፓራ አይቀነስም። በሕይወት ያሉት ልጆች ቁጥር የሚጻፍበት ሌላ ቦታ አለ።

በምሳሌ እንየው። አንዲት እናት የመጀመሪያ ጽንሷ በ3 ወሩ ጨነገፈ እንበል። ቀጥሎ ወንድ ልጅ በወሩ ወለደች፤ እርሱም በዓመቱ በኩፍኝ ሞተ። በሦስተኛው እርግዝናዋ መንታ ሴቶች ልጆች ወለደች። አሁን ደግሞ አርግዛ መጣች። ጎረቤት ‹‹ስንት ልጆች አሉሽ?›› ቢላት ‹‹ሁለት›› ትላለች፤ እውነቷን ነው። በካርዱ ላይ ግን ግራቪዳ 4፣ ፓራ 2፣ አቦርሽን 1፣ በሕይወት ያሉ 2 ተብሎ ይጻፋል። ይህም እውነት ነው። ሁለቱ አይጋጩም፤ የተጠየቁት ጥያቄዎች የተለያዩ ናቸው።

መንታ የወለደችስ?

ከላይ ባለው ምሳሌ መንታዎቹ በፓራ ውስጥ እንደ አንድ ወሊድ መቆጠራቸውን አስተውላችሁ ይሆናል። ማኅፀን ያረገዘው አንድ ጊዜ፣ ያማጠውም አንድ ጊዜ ስለሆነ በተለመደው አቆጣጠር መንታ ፓራን የሚጨምረው በ1 ነው። ስለዚህ ሌላ ሳትወልድ መንታ ብቻ የወለደች ሴት ሁለት ልጅ ታቅፋም ፕሪሚፓራ ናት።

መንታ ያረገዘችው በሌላ ቃል ትታወቃለች፤ ‹‹መልቲፕል›› ተብሎ ይጻፍላታል። ይህም ከ‹‹ሙልቱስ›› የመጣ ነው። ‹‹ፕል›› የሚለው መጨረሻው በላቲን ማጠፍን ከሚያመለክት ቃል የተገኘ ነው። እኛም ‹‹ሁለት እጥፍ፣ ሦስት እጥፍ›› ስንል የምንጠቀመው ማጠፍ ከሚለው ቃል ነውና ሁለቱ ቋንቋዎች ሳይመካከሩ አንድ ሐሳብ ላይ ደርሰዋል። እንግዲህ መልቲፓራ ያለፈውን ይናገራል፤ ብዙ ጊዜ ወልዳለች ማለት ነው። መልቲፕል አሁን ያለውን ይናገራል፤ በሆዷ ከአንድ በላይ ጽንስ አለ ማለት ነው።

‹‹ግራንድ›› የተባለው ለምንድን ነው?

‹‹ግራንድ›› በላቲን ‹‹ግራንዲስ›› ከሚለው የመጣ ሲሆን ትልቅ ማለት ነው። በሆቴል ስም ላይ ስናየው ድሎትንና ክብርን ያስታውሰናል። በካርድ ላይ ሲጻፍ ግን ማስጠንቀቂያ ነው። 5 ጊዜና ከዚያ በላይ የወለደች እናት ግራንድ መልቲፓራ ትባላለች።

የዚህን ማስጠንቀቂያ ታሪክ ለመረዳት አየርላንድ ወደምትባለው የአውሮፓ አገር መሄድ ያስፈልጋል። በዋና ከተማዋ በደብሊን እ.ኤ.አ. በ1745 የተመሠረተ ሮተንዳ የሚባል የታወቀ የማዋለጃ ሆስፒታል አለ። ዶክተር ቤተል ሰለሞንስ እ.ኤ.አ. ከ1926 እስከ 1933 የዚህ ሆስፒታል ኃላፊ ነበሩ። በዚያን ዘመን በደብሊን ብዙ ልጅ መውለድ የተለመደ ነበር፤ ስምንትና አሥር ጊዜ የወለዱ እናቶች ወደ ሆስፒታሉ ይመጡ ነበር። ሐኪሙ በእነዚህ እናቶች ላይ ያዩትን መዝግበው እ.ኤ.አ. በ1934 ‹‹ላንሴት›› በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ አንድ ጽሑፍ አወጡ። ርእሱም ‹‹አደገኛዋ መልቲፓራ›› የሚል ነበር።

በዚያን ጊዜ ሐኪሞችም ሆኑ አዋላጆች የሚፈሩት የመጀመሪያውን ወሊድ ነበር። ብዙ የወለደችውን ‹‹ለምዳዋለች፤ በቀላሉ ትገላገላለች›› ብለው ይተዋት ነበር። ሰለሞንስ ይህ አስተሳሰብ ስሕተት መሆኑን ጻፉ። ከአምስተኛው ወሊድ ጀምሮ ቁጥሩ ሲጨምር እናቶች የመሞታቸውም አደጋ አብሮ እንደሚጨምር አመለከቱ። ‹‹ግራንድ መልቲፓራ›› የሚለው ቃል በሕክምናው ዓለም እየታወቀ የመጣው ከዚህ ጽሑፍ ጋር ተያይዞ ነው።

የሚያሳዝነው ግን ጽሑፉ በወጣ በዓመቱ፣ እ.ኤ.አ. በ1935፣ በአየርላንድ የእርግዝና መከላከያ መሸጥና ከውጭ ማስገባት በሕግ ተከለከለ። ሐኪሙ አደጋውን ባሳዩበት አገር እናቶች አደጋውን የሚያስቀሩበት መንገድ ተዘጋባቸው። ሕጉ የላላው እ.ኤ.አ. በ1979 በወጣ ሌላ ሕግ ነው፤ ያውም መጀመሪያ በሐኪም ትእዛዝ ብቻ እንዲሆን ተደርጎ። ዛሬ በከተሞቻችን ያለን ባለትዳሮች የደብሊን እናቶች ያጡት ምርጫ በእጃችን መሆኑን ልናስብ ይገባል።

በብዙ ወሊድ ሰውነት ላይ የሚደርሰው

‹‹የለመደች ናት›› የሚለው አባባል ከደብሊን ብቻ ሳይሆን ከእኛም ሰፈር የሚሰማ ነው። እውነት ያለበት ነገር አለ፤ ብዙ የወለደች እናት ምጧ ብዙውን ጊዜ ያጥራል። አደጋው የሚመጣው ብዙውን ጊዜ ከምጡ በኋላ ነው።

ልጁና የእንግዴ ልጁ ከወጡ በኋላ የእንግዴ ልጁ ተጣብቆበት የነበረው ቦታ ልክ እንደ ቁስል የደም ሥሮቹ ክፍት ሆነው ይቀራሉ። ደሙን የሚያቆመው ማኅፀን ራሱ ነው። ማኅፀን ጡንቻ ስለሆነ ወዲያው ይኮማተርና እንደ ተጨበጠ እጅ የደም ሥሮቹን ጨምቆ ይዘጋቸዋል። ብዙ ጊዜ የተለጠጠ ማኅፀን ግን አንዳንዴ ይለግማል። ልል ሆኖ ይቀርና ደሙ ይፈስሳል። ከወሊድ በኋላ የሚፈስሰው ደም ከግማሽ ሊትር ካለፈ ከመጠን በላይ ነው ይባላል፤ የደም ማነስ ያለባትን እናት ግን ከዚያ ያነሰውም ሊጎዳት ይችላል። በዓለም ላይ እናቶችን ከወሊድ ጋር በተያያዘ ከሚገድሉት ምክንያቶች የመጀመሪያው ደም መፍሰስ ነው።

ከዚህም ሌላ የሆድ ጡንቻ ስለሚላላ ልጁ በማኅፀን ውስጥ አግድም ሊተኛ ወይም በመቀመጫው ሊመጣ ይችላል። የእንግዴ ልጁ በማኅፀን አፍ ላይ የመቀመጥ አጋጣሚም ይጨምራል። ተደጋጋሚ እርግዝና የእናቲቱን የብረት ማዕድን ክምችት ስለሚጨርስ የደም ማነስ ይከተላል። ምጡ እንቅፋት ሲገጥመው ደግሞ ብዙ የወለደ ማኅፀን የመቀደድ አደጋ አለው። ምጡ ማጠሩም ራሱ ችግር የሚያመጣበት ጊዜ አለ፤ እናቲቱ ሆስፒታል ሳትደርስ መንገድ ላይ ልትወልድ ትችላለች።

ይህን ስንል ብዙ የወለደች ሁሉ ችግር ይደርስባታል ማለታችን አይደለም። ጥሩ ክትትል፣ ደምና ቀዶ ሕክምና በቅርብ በሚገኝበት አገር የተደረጉ ጥናቶች አደጋው እጅግ ሊቀንስ እንደሚችል አሳይተዋል። የመጀመሪያ ወሊድም የራሱ አደጋዎች አሉት፤ ከደም ግፊት ጋር የሚመጣው መንቀጥቀጥና የተራዘመ ምጥ በመጀመሪያ ወላዶች ላይ ይበዛሉ። ስለዚህ የካርዱ ቁጥር እናቶችን የሚያመሰግን ወይም የሚነቅፍ አይደለም። ቁጥሩ ለአዋላጇ ‹‹ለምን እንዘጋጅ?›› የሚለውን የሚነግር ምልክት ነው።

ያለፉትም ይቆጠሩ

ሕፃን የሞተባት እናት ስንት ጊዜ እንደወለደች ስትጠየቅ ብዙ ጊዜ ያሉትን ብቻ ትናገራለች። ምክንያቱ ይገባናል። ያለፈውን ማንሣት ሐዘን መቀስቀስ ነው። በቋንቋችን ‹‹የወላድ መካን›› የሚል መራራ አነጋገር አለ፤ ወልዶ ማጣት ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ቃሉ ራሱ ይመሰክራል። ሌላዋ ደግሞ ‹‹ይህን ያህል ወልዳ›› ተብሎ እንዳይፈረድባት ትቀንሳለች።

ነገር ግን ማኅፀን የሞተውንም ተሸክሟል፤ ለእርሱም አምጧል፤ ደምቷል። 6 ጊዜ ወልዳ ሦስት የሞቱባት እናት ‹‹ሦስት›› ብትለን በካርዷ ላይ ፓራ 3 ይጻፋል። በምጥ ቀን የሚቀበላት አዋላጅ አይቷት አያውቅ ይሆናል፤ የሚያውቀው ካርዱን ነው። ማስጠንቀቂያውን አያገኝም። ደም የሚሰጥባት ሆስፒታል እንድትወልድ አስቀድሞ አይነገራትም። ጎዶሎው ቁጥር የሚጎዳው ይህን ጊዜ ነው።

የጨነገፈውንም መናገር ያስፈልጋል። ለምሳሌ የደም ዓይነቷ አርኤች ኔጌቲቭ የሆነ እናት የጽንሱ ደም ፖዘቲቭ ከሆነ ሰውነቷ በሚቀጥለው ጽንስ ላይ የሚነሣ መከላከያ ሊያዘጋጅ ይችላል፤ ይህም ከጨነገፈ ጽንስ በኋላ ሊደርስ ይችላል። ይህን የሚከላከል መርፌ አለ። መርፌው የሚጠቅመው ግን በጊዜው ከተሰጠ ነው። እንዲሁም በኦፕራሲዮን የተወለደ ልጅ ካለ፣ ከወሊድ በኋላ ብዙ ደም ፈስሶ ከነበረ፣ የእንግዴ ልጅ በእጅ ወጥቶ ከነበረ መናገር ያስፈልጋል። አንድ ጊዜ የደረሰ ነገር ሊደገም ይችላልና።

በባል ወይም በአማት ፊት ሊነገር የማይፈለግ ነገር እንዳለም እናውቃለን። አሁን ካለው ትዳር በፊት የሆነ ወሊድ ወይም ውርጃ ሊሆን ይችላል። ማንኛዋም እናት ከአዋላጇ ጋር ለብቻዋ የመነጋገር መብት አላት። ‹‹ሲስተር፣ ለብቻችን ላነጋግርሽ›› ማለት ብቻ ይበቃል። የምትነግሩን ነገር የሙያ ምስጢር ነው። ወደ ቤት በሚወሰደው ካርድ ላይ እንዲሰፍር የማትፈልጉት ነገር ካለም አስቀድማችሁ ንገሩን፤ በምን መንገድ እንደሚመዘገብ አብረን እንነጋገራለን። ባሎችም ሚስታችሁ ለብቻዋ ስትጠራ ቅር አይበላችሁ፤ ይህ ለሁሉም እናት የሚደረግ ነው።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

አሁን ያረገዘችና 5 ጊዜ ወይም ከዚያ በላይ የወለደች እናት ካለች የሚከተሉትን እንመክራለን።

ክትትሉን ሆድ እስኪገፋ ሳይጠብቁ በጊዜ መጀመር ይገባል። የደም መጠን ይለካል፤ የብረት ማዕድን እንክብልም ይሰጣል፤ እንክብሉን ሳያቋርጡ መውሰድ ያስፈልጋል። ወሊዱ ደም መስጠትና ቀዶ ሕክምና ማድረግ በሚቻልበት ሆስፒታል እንዲሆን ባልና ሚስት አስቀድመው ይወስኑ። በሌሊት ምጥ ቢመጣ የትኛው መኪና ይጠራል? ገንዘቡ የት ተቀምጧል? ልጆቹ ማን ዘንድ ያድራሉ? ይህ በምጥ ሰዓት የሚጠየቅ ሳይሆን ከ8ኛው ወር በፊት የሚመለስ ነው። ምጡ ሊያጥር ስለሚችል ቁርጠቱ እንደ ጀመረ መነሣት ያስፈልጋል።

በጤና ተቋም የምትወልድ እናት ልጁ እንደ ተወለደ በ1 ደቂቃ ውስጥ ማኅፀንን የሚያኮማትር የኦክሲቶሲን መርፌ ይሰጣታል። ይህ መርፌ ለወላድ ሁሉ የሚሰጥ ነው፤ ግራንድ መልቲፓራ ለሆነች እናት ግን ጥቅሙ የበለጠ ነው። ሕፃኑን ወዲያው ጡት ማስያዝም ማኅፀን እንዲኮማተር ይረዳል። ከወሊድ በኋላ ባሉት የመጀመሪያ ሰዓታት እናቲቱን ብቻዋን አለመተው፣ ደሙ ጨርቅ ቶሎ ቶሎ የሚያርስ ከሆነ ወይም ራሷን ካዞራት ወዲያው መጮህ ይገባል።

ላላረገዙት ደግሞ የሚነገረው ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 በአገራችን በተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት አንዲት የከተማ ሴት በአማካይ 2.3፣ የገጠር ሴት ደግሞ 5.2 ልጆች ትወልዳለች ተብሎ ተገምቷል። የከተማ ባለትዳሮች ብዙዎቹ ቁጥሩን መርጠው እየወለዱ ነው ማለት ነው። ቢሆንም ሁሉም አይደሉም፤ ‹‹ወንድ እስክናገኝ››፣ ‹‹ሴት እስክናገኝ›› ሲባል ሳይታሰብ አምስተኛው ላይ የሚደረስበት ቤት በከተማም አለ።

ከቁጥሩ ሌላ ርቀቱም ያስፈልጋል። የዓለም ጤና ድርጅት ከወሊድ በኋላ የሚቀጥለውን እርግዝና ለመጀመር ቢያንስ 24 ወር፣ ጽንስ ከጨነገፈ በኋላ ደግሞ ቢያንስ 6 ወር መቆየትን ይመክራል። ይህም ሰውነት የጎደለውን እንዲተካ ጊዜ ይሰጠዋል።

አራርቆ ለመውለድ ብዙ ዓይነት መከላከያ አለ። በየቀኑ የሚወሰድ ክኒን፣ በ3 ወር አንድ ጊዜ የሚሰጥ መርፌ፣ በክንድ ቆዳ ሥር የሚቀመጥ እንደ ዓይነቱ 3 ወይም 5 ዓመት የሚያገለግል፣ እንዲሁም በማኅፀን ውስጥ የሚቀመጥ 10 ዓመትና ከዚያ በላይ የሚቆይ ሉፕ ይገኛሉ። ሉፕ ከወሊድ በኋላ በ48 ሰዓት ውስጥ፣ ከሆስፒታል ሳይወጡም ሊገባ ይችላል። ጡት የምታጠባ እናት የትኛው እንደሚስማማት አዋላጇን ትጠይቅ፤ ለአራስ የማይሰጥ የክኒን ዓይነት አለና። ኮንዶም ደግሞ ከእርግዝና ሌላ ከአባላዘር በሽታም ይጠብቃል።

‹‹ከእንግዲህ በቃን›› ብለው ለቆረጡ ባለትዳሮች ቋሚ ዘዴዎች አሉ። የሴቷ ቱቦ ይቋጠራል፤ ወይም የወንዱ የዘር መተላለፊያ ይዘጋል። የወንዱ ከሴቷ ይልቅ ቀላል ነው፤ የወንድነት ስሜቱንና ጉልበቱን አይነካም። ነገር ግን ከተደረገ በኋላ ለ3 ወር ሌላ መከላከያ መጠቀም ያስፈልጋል። ሁለቱም ዘወትር ይመለሳሉ ተብሎ የሚደረጉ ስላልሆኑ አስቦና ተመካክሮ መወሰን ይገባል።

‹‹ልጅ በዕድሉ ያድጋል›› እንላለን። ልጅ በዕድሉ ያድግ ይሆናል፤ እናት ግን በዕድሏ እንድትወልድ መተው የለባትም። የእርሷ ደኅንነት በዝግጅት፣ በጊዜ በመድረስና በእውነተኛ መረጃ ላይ የቆመ ነው።

ውድ ባለትዳሮች፣ ዛሬ ማታ ካርዱን አውጡና አብራችሁ አንብቡት። ግራቪዳ፣ ፓራ፣ አቦርሽን፣ በሕይወት ያሉ፤ አራቱንም ተመልከቱ። የጎደለ ወይም የተሳሳተ ካለ በሚቀጥለው ቀጠሮ ይዛችሁት ኑና እናስተካክለው። ያልገባችሁን ቃል ለመጠየቅም አትፈሩ፤ ቃሉ የሮማውያን ቢሆንም የተጻፈው ስለ እናንተ ነው።